ሞተሩን ምን በላው?

ለወጣት መካኒኮችና ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁኝ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገሮች አስቀምጫለሁ። አንዱ ፒስተን ነው። ሁለተኛው ፒስተኑ ሲመላለስበት የነበረው ሲሊንደር ነው። ሦስተኛዋ፣ ይህች ግማሽ ቀለበት የመሰለች ቀጭን ብረት፣ የቢየላ ብሮንዚና ናት። ቢየላ ፒስተኑን ክራንክ ከሚባለው የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው፤ ብሮንዚናዋ በሁለቱ መሐል የምትገባ ልባስ ናት። ሦስቱም የወጡት ከአባቴ ቮልስ ሞተር ነው። እባካችሁ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበላችሁ እዩዋቸው። ጥፍራችሁን አሳርፉባቸው፣ ጭረቱ ይይዛችኋል። ብሮንዚናዋን ወደ መብራት ዞር አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብርማ መሆን ነበረባት። መሐሏ ላይ ግን ብርማው ተፍቆ አልቆ፣ ሥሩ ያለው መዳብ ቀልቶ ይታያል።

ስንት ዓመት የሠሩ ይመስሏችኋል? ሃያ? ሠላሳ? አራት ወር ነው። ሦስቱም አዲስ ሆነው ገብተው በአራት ወር እንዲህ ሆነው ወጡ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ አራት ወር ነው።

አባቴ ቮልሷን የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ናት፤ ሞተሯ 1300 የሚባለው። የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 69 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ይዞታው 1,285 ሲሲ። እኛ አራት ልጆች ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ሆስፒታል የሄደችውም በእሷ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ለምን አትሸጧትም?» ሲለን መልስ አንሰጠውም።

ደግሞስ ሸጠን ምን እንገዛለን? ቮልስ ራሷ ማምረቻው ከቆመ ቆይቷል። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በእኛ አገር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩን መምጣት አልቃወምም። ግን ከተማው ውስጥ የሚሄዱት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉ። በደንብ የሚያድሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ቮልሷ ማጨስ ጀመረች። ሰማያዊ ጭስ። ዘይትም ትጠጣ ነበር፤ በሳምንት አንድ ሊትር አካባቢ። አባቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። በሦስት ቀን ሞተሩን አውርደው አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር ገጠሙ፣ አዲስ ብሮንዚና አስገቡ፣ መልሰው ሰቀሉት። «ጋሼ፣ ሞተሩ ዜሮ ዜሮ ሆኗል» አሉት። አባቴ ደስ ብሎት ከፈለ። ጭሱም ጠፋ። በአራተኛው ወር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ከኋላ ቷ፣ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ መጣ። ቢየላ መታ። ጥግ ይዘን አጠፋናት። አባቴ መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያን ዕለት ነው ይህን ሥራ ልማር ብዬ የወሰንኩት።

በሰው በሰው አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ አገኘን። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው፤ ዛሬም እንደዚያው ልጥራው። መኪናዋን በገመድ ጎትተን ግቢው አደረስናት። ቶሎ ቁልፍ ያነሳል ብዬ ነበር። አላነሳም። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ቁጢጥ አለና ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ይህን ሞተር ምን በላው?»

«አርጅቶ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አራት ወር እርጅና ነው እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

መልስ አልነበረኝም። በእኔ እምነት የሞተር እድሳት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ያለቀ ዕቃ መቀየር ማንም ይችላል። ዕቃውን የጨረሰው ነገር ካልተገኘ ግን አዲሱንም ይጨርሰዋል። የእኛን ቮልስ ጋራዡ አላደሳትም። በሽታው እንዳለ ሆኖ አዲስ ፒስተን ነው የመገበው።

ጋሼ ምን አየ? መጀመሪያ ያየው ላስቲክ ነው። ማለቴ የሌለውን ላስቲክ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ፋኑ ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋዋል፣ የሞቀው አየር ወደ ታች ይወጣል። ላይኛውን ከታችኛው የሚለየው በሞተሩ ዙሪያ የተገጠመው ላሜራና ከላሜራው ጠርዝ እስከ ቦዲው የሚደርሰው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከሌለ ፋኑ ከታች የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል ማለት ነው። የእኛ ላስቲክ ተቆራርጦ አልቆ ነበር። ሁለት ላሜራዎችም የሉም። ጋራዡ ሞተሩን ሲሰቅል «እነዚህ አያስፈልጉም» ብሎ ትቷቸዋል። ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። ሥራ ያቀላል፣ ግን ሞተር ይገድላል።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አወረደ። በዚያ ዘመን ቮልስ ማጣሪያው ባለ ዘይት ነው። አቧራው ከታች ባለው ዘይት ይያዛል። ጋሼ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ነከረ። ደረቅ ነበር። ጣቱ ላይ የመጣው ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። ይህ አቧራ በካርቡራተሩ በኩል ገብቶ ፒስተኑ ላይ ከተጠመጠሙት ፋሻዎችና ከሲሊንደሩ መሐል ይገባል፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የመጀመሪያውን ፒስተን የበላው፣ ጭሱን ያመጣው እሱ ነው። አዲሱንም የበላው እሱ ነው። ማጣሪያውን አጥቦ ዘይት መሙላት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሦስተኛው ነገር ይበልጥ ይገርማል። ጋሼ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የታችኛውን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ በሁለት እጁ ያዘ። «ና፣ አንተም ያዝ» አለኝ። ወደ ራሱ ሳበው፣ ከዚያ ገፋው። ቋ አለ። በእጄ ተሰማኝ። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። ይህ ጨዋታ በቮልስ መጽሐፍ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙ አይርቅም። እንኳን ቋ ሊል፣ በእጅ ጨርሶ ሊታወቅ አይገባም። አሮጌ ቮልስ ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉና ፑሊውን ያዙ። ቋ ካለ ዋጋው ላይ ሞተር የማውረድን ወጪ ጨምራችሁ አስቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ለሌላ መኪናም የሚሆን ነገር ስላለ።

ሞተር ከመውረዱ በፊት ይፈተሻል። ጭሱ ራሱ ይናገራል። ጠዋት ስታስነሱት ብቻ ሰማያዊ አጭሶ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ የሚወርደው በቫልቭ በኩል ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻውን ጠርጥሩ። ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ካርቡራተሩን ሳታዩ ሞተር እንዳታወርዱ። በተለይ እዚህ አዲስ አበባ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ስትለኩም ይህን አትርሱ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። እዚህ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቁጥሩን አይታችሁ «ሞተሩ አልቋል» እንዳትሉ። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አነጻጽሩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ አራቱም ካንዴላ (እሳት መስጫው) ይውጣ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚህ አንዱ ከጎደለ የምታገኙት ቁጥር ያሳስታችኋል።

እኔ ከኮምፕሬሽን ይበልጥ የምወደው በአየር መፈተሽን ነው። የሞተ ካንዴላ ሸክላውን አውጥታችሁ የአየር ጎማ የሚገባበት ጫፍ አስበይዱበት። ፒስተኑን ወደ ላይ አድርሱት፣ ሁለቱም ቫልቭ የተዘጋበት ላይ። አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ አለበለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል። ከዚያ ከሰፈር ጎሚስታ አየር ስጡትና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። በካርቡራተር በኩል ሽ ካለ የመግቢያው ቫልቭ ነው። በጭስ ማውጫው ሽ ካለ የመውጫው። በዘይት መሙያው ከነፋ ፋሻው ነው። ሞተሩ ሳይፈታ ውስጡን ነገራችሁ።

ይቅርታ፣ የቃላቱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ብሮንዚና፣ ጎሚስታ፣ ቺንጋ፣ ሞተሪኖ፣ ክሪክ፣ ካቻቪቴ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አያቶቻችን ቋንቋውን ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩትም። ሥራውን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቃሉንም አብረው ወሰዱት። ዛሬ እነዚህ ቃላት የእኛ ናቸው። በኮርስ የተማረ ወጣት ድሮ ጋራዥ ገብቶ «ስፓርክ ፕላግ» ሲል ሊሳቁበት ይችላሉ። አትፈሩ። ሁለቱንም እወቁ።

ወደ ጋሼ ግቢ እንመለስ። ቮልስ ሞተሯን ማውረድ ቀላል ነው። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዟት አራት ቡሎኖች ናቸው፣ 17 ቁልፍ። የነዳጅ ጎማ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድ፣ የማሞቂያ ገመዶች፣ ሽቦዎች። ባትሪውን አስቀድሞ መንቀል። ክሪክ ከሥር፣ ሁለት ሰው። በአንድ ሰዓት መሬት ላይ ነበረች።

የከበደው ከዚያ በኋላ ነው። ፍላይዊሉን፣ በክራንኩ ጫፍ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ የያዘው 36 ቁጥር ዳዶ የሚጠብቀው ወደ 350 ኒውተን ሜትር ነው። ጋሼ ያን የሚያህል መለኪያ ቁልፍ አልነበረውም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰካ። ከዳዶው መሐል በግማሽ ሜትር ላይ በኖራ ምልክት አደረገ። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ ምልክት ላይ ቢቆም ከተፈለገው ጋር እኩል ይሆናል። እኔ ያኔ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነበርኩ። ስለዚህ ምልክቱን ስድስት ሳንቲ ተኩል ገደማ ወደ ውጭ አስኬደው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ነገር እዚያ ቧንቧ ላይ ቆሜ ገባኝ።

ሞተሩ ለሁለት ሲከፈል ሁሉም ነገር ታየ። ብሮንዚናዎቹ ላይ የተቀበረ ብረት ነበር። ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቅ። ጋራዡ ሞተሩን ሲገጥም የዘይት መሄጃዎቹን አላጠበም። ከድሮው ድካም የቀረው የብረት ፍቅፋቂ እዚያው ተኝቶ ቆይቷል። አዲሱ ዘይት ጠርጎ ወደ አዲሶቹ ብሮንዚናዎች ወሰደው። በላዩ ላይ ትኩሳቱ አለ። ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይቀጥናል። ሲቀጥን ክራንኩን ከብሮንዚናው ለይቶ መያዝ ያቅተዋል። ብረት ብረትን ነካ። ሞተሩን የበላው ይህ ነው፦ ከላይ አቧራ፣ ከውስጥ ፍቅፋቂ፣ በሁሉም ላይ ትኩሳት።

አሁን ፒስተኑ ማን ጋ ደረሰ? አመሰግናለሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ሦስተኛውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። እንደእኛው ባሉት የድሮ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ፋን ቤቱ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ቆሟል። ወደ እሱ የሚሄደውን አየር በከፊል ይጋርደዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይሞቃል፣ የመውጫ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ገለል አደረጉት። የድሮ ቮልስ ካላችሁ ቫልቭ ስታስተካክሉ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ እዩት።

ጋሼ አንድም ዕቃ ሳይገዛ ሁለት ቀን ሲለካ ዋለ። እኔ እየጻፍኩ እሱ ይጠራል። የክራንኩ መቀመጫዎች 55 ሚሊሜትር መሆን አለባቸው፣ በፑሊው በኩል ያለው የመጨረሻው ደግሞ 40። ሁለት ቦታ ከክብነት ወጥቷል። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ሩብ ሚሊሜትር ተፋቀ፤ ብሮንዚናውም በዚያው ልክ ወፈር ያለ ተገዛ። ማግኒዚየሙ ሞተር ቤት ራሱ መሐሉ ላይ ተደብድቦ ሰፍቶ ነበር። እሱም ግማሽ ሚሊሜትር ቀጥ ተደርጎ ተቦረቦረ። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ጫፎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ለካ። ለአዲስ ከ0.30 እስከ 0.45 ነው የሚፈለገው። የእኛ ከአንድ ሚሊሜትር አልፏል። ልብ በሉ፣ ዕቃ የተገዛው ከልኬት በኋላ ነው። ሰው ግን መጀመሪያ ዕቃ ገዝቶ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ያልሆነው በግድ እንዲሆን ይደረጋል።

ለእጥበቱ ሙሉ አንድ ቀን ሄደ። የዘይት መሄጃዎቹን ድፍኖች ሁሉ አወጣን። ነጭ ጋዝ፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃና ኦሞ፣ ከዚያ አየር፣ ከዚያ እንደገና። ጋሼ ነጭ ጨርቅ በሽቦ ጫፍ አስሮ ያሳልፋል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ «ገና ነው» ይላል። ሰባት ጊዜ «ገና ነው» አለ። ስምንተኛው ላይ ዝም ብሎ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ላሜራዎቹን ሶማሌ ተራ ስንዞር ከአንድ የተፈታታ ቮልስ ላይ አገኘን። ብሮንዚና ሲሆን ግን አሮጌ አትግዙ፤ ከፎርጂድም ተጠንቀቁ። ማይክሮሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢቆጣም ሱቁ ውስጥ ለኩ።

ስንገጥም የክራንኩን ያን የፊትና ኋላ ጨዋታ እኔ እንድለካ ተፈቀደልኝ። የሚስተካከለው በሦስት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ አስገብታችሁ ፍላይዊሉን አጥብቃችሁ ትለካላችሁ። ካገኛችሁት 0.10 ትቀንሳላችሁ። የቀረው የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። እኔ 0.44 አነበብኩ። ስለዚህ 0.34 ቀለበት። ጋሼ ሳያምን ራሱ ደገመው። 0.44። ምንም አላለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ ልጅ» ማለቱን ትቶ በስሜ ጠራኝ።

ቴስታታ፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ስታጠብቁ ደግሞ ጉልበታችሁን ያዙ። የ1300 ሞተር የቴስታታ ዳዶ የሚፈልገው 32 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በቅደም ተከተልና በሁለት ዙር። «ትንሽ ልጨምርለት» ያለ ሰው ምሶሶውን ከማግኒዚየሙ ነቅሎ ያወጣዋል። ሞተር ቤቱ ለስላሳ ብረት ነው።

የመጀመሪያው ማስነሳት የራሱ ሥርዓት አለው። ካንዴላ ሳይገባ በሞተሪኖ አዙሩት፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ከዚያ ካንዴላውን ግጠሙና አስነሱ። አዲስ ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከገባ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ አታቁሙት። በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ካምሻፍቱና ከሱ ጋር የሚፋተገው ዕቃ በዚያ ጊዜ ነው የሚላመዱት። ቮልስ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ ማጣሪያም የለውም። ስለዚህ አትሰስቱ። አምስት መቶ ኪሎሜትር ላይ ቀይሩ፣ ቫልቩንም በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ላይ እንደገና አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ በየአምስት ሺው። የወጣውን ዘይት ወዲያው አትድፉት። ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ሞተሩ እየተጣራችሁ ነው።

አባቴ ሞተሩ ሲነሳ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀርቦ ምንም አልጠየቀም። በሚቀጥለው እሑድ ብቻ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ «እስቲ በእንጦጦ እንዙር» አለኝ። ያ ድምፅ የመጣበት ዳገት ላይ ስንደርስ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ውጭ ሰጠ። እስከ ላይ ድረስ እንደዚያው ሄደ።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ሞተሩ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ቮልሷ አሁን ውጭ ከበሩ በስተግራ ቆማለች፣ ሰማያዊዋ፣ ኮድ 2። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼዋለሁ። ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁላችሁም ውጡና ታችኛውን ፑሊ በሁለት እጃችሁ ያዙ። ሳቡት፣ ግፉት። ቋ የሚል ነገር የሰማ ሰው ካለ ተመልሶ ይንገረኝ።